በትንሽ መኪና ውስጥ ቤዙ ለምን ይዘበራረቃል? ለአንድ የቪትዝ ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን የአዲስ አበባ ነዋሪ ሲሆኑ ጥያቄያቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ቶዮታ ቪትዝ አለኝ። ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) ከነሳጥኑና ከነአምፕሊፋየሩ አስገጥሜአለሁ። ሳጥኑ ቱቦ ያለው ነው፤ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ፊቱን ወደ ሹፌሩ አድርጎ ተቀምጧል። አንዳንዱ ዘፈን ላይ ቤዙ ደረት ይመታል፤ በሌላው ላይ፣ አንዳንዴም በዚያው ዘፈን ውስጥ፣ ቤዝ ጊታሩ ድንገት ይጠፋል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጥሩ ነው ይላል፤ እኔ ግን መሪ ይዤ አላገኘውም። የገጠመልኝ ሰው አምፕሊፋየሩን በትልቅ ቀይረው ይለኛል። ልቀይረው?»

አይቀይሩት፤ ቢያንስ ከዚህ በታች ያለውን ሳይሞክሩ ገንዘብዎን አያውጡ። አምፕሊፋየር ጉልበት ሲያንሰው ሁሉንም ድምፅ ያደክማል እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን አይተውም። ከ300 ዋት ወደ 600 ዋት ቢያድጉ የሚያገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ብቻ ነው፤ ያም ጭማሪ አሁን ከሚገባው በላይ በሚጮኸው ድምፅ ላይም እኩል ስለሚደመር ጉብታውም (ቤዙ ከልክ በላይ የሚጎላበት) ጉድጓዱም (ቤዙ የሚጠፋበት) እንዳሉ ሆነው ጩኸቱ ብቻ ይጨምራል። የእርስዎ ችግር የጉልበት ማነስ ሳይሆን የሚዛን መዛባት ነው፤ ምንጩም ከሦስት ቦታ በአንዱ፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱ ይገኛል፦ ሳጥኑ የተቀመጠበት ቦታና አቅጣጫ፣ የሰብዉፈሩና የበር ስፒከሮቹ መገናኛ፣ እንዲሁም የሳጥኑ አሠራር።

ትንሽ መኪና ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ከተረዱ ሙከራው ሁሉ ይቀልልዎታል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ የ50 ሄርዝ ድምፅ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ አንድ ሙሉ ሞገዱ 7 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። የቪትዝዎ ውስጥ ከፊት መስታወቱ እስከ ኋላው በር ሲለካ ግን 2 ሜትር ተኩል ገደማ ቢሆን ነው። ሞገዱ መኪናው ውስጥ ስለማይዘረጋ ሰብዉፈሩ አየሩን በአንድነት ይጨምቀዋል፣ መልሶም ያላላዋል፤ በዚህ ምክንያት ከ70 ሄርዝ ገደማ በታች መኪናው ራሱ ቤዙን ያጎለብተዋል። የመኪናው አካል ፍጹም ድፍንና ግትር ቢሆን ኖሮ ሄርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር ጭማሪው ወደ 12 ዴሲቤል ይደርስ ነበር፤ ላሜራው ስለሚርገበገብና አየርም ስለሚያፈተልክ በተግባር ከዚያ ያንሳል። ቢሆንም ትንሽ መኪና ለቤዝ ይመቻል የሚባለው በዚህ የተነሣ ነው፤ አባባሉም እውነት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ከፍ ሲል ነው። ወደ 70 ሄርዝ ሲደርስ የሞገዱ ግማሽ ልክ በመኪናው ርዝመት ውስጥ ይገጥማል፤ ከኋላ የተነሣው ድምፅ ከፊት መስታወቱ ተመልሶ ከራሱ ጋር ይገናኝና የቆመ ሞገድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሞገድ በሁለቱ ጫፎች ላይ ይበረታል፣ በመካከል ይጠፋል። ጫፍ ማለት በእርስዎ መኪና የኋላ መቀመጫው ራስ ማስደገፊያ አካባቢ ነው፤ መካከል ማለት ደግሞ የሹፌሩ ጆሮ ያለበት ነው። «ከኋላ አለ፣ ከፊት የለም» ያሉት ቅሬታ የጆሮዎ ችግር ሳይሆን ከዚህ ጋር በትክክል የሚገጥም ነገር ነው። እርግጥ የመኪና ውስጥ እንደ ሣጥን ቀጥ ያለ አይደለም፤ መስታወቱ ጋደል ያለ ነው፣ ወንበሮቹም ድምፅ ይውጣሉ፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ጥቂት ሄርዝ ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል።

ቤዝ ጊታሩ በዚያው ዘፈን ውስጥ ለምን እንደሚጠፋም በዚሁ ይገለጻል። በትዝታ ሙሉ ቅኝት፣ ከዶ ተነሥቶ የተቃኘ ዘፈን ይውሰዱ፤ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው። በቤዝ ጊታር ላይ የታችኛው ሚ 41 ሄርዝ፣ ሶል 49፣ ላ 55፣ ዶ 65፣ ሬ 73፣ የላይኛው ሚ 82፣ ሶል 98 ሄርዝ ላይ ይገኛሉ። ተጫዋቹ ከሶልና ከላ ተነሥቶ ወደ ዶና ሬ ሲወጣ ሶልና ላ መኪናው በሚያጎለብተው ክልል ውስጥ ስለሆኑ ደረት ይመታሉ፤ ዶና ሬ ግን በዚያው ጉድጓድ ግራና ቀኝ ስለሚያርፉ ከመሪው ላይ ሆኖ የሚሰማ ሰው ያጣቸዋል። ተጫዋቹ አንዱን ጠንክሮ ሌላውን አላልቶ የመታ ይመስላል። ዜማውን የሚሸከመው ቤዝ እንዲህ ተቆራርጦ ሲሰማ ዘፈኑ ራሱ ይጎዳል፤ ስለዚህ ነገሩን ጊዜ ወስዶ ማስተካከል ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሙከራው እንግባ። በጆሮ ብቻ መፍረድ ስለሚያሳስት ቁጥር ያስፈልገናል። በስልክዎ ላይ አንድ ድምፅ የሚያመነጭ መተግበሪያና አንድ የድምፅ መጠን የሚለካ መተግበሪያ ይጫኑ፤ የሚቻል ከሆነ ሁለቱ በሁለት ስልክ ላይ ቢሆኑ ይሻላል። የቴፑን ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን) በሙሉ ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ላውድነስ የሚለውን ያጥፉ፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የቤዝ ቡስት ማዞሪያም እስከ መጨረሻው ወደ ዜሮ ያዙሩት። መኪናው ቆሞ፣ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው፣ እርስዎም በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚለካውን ስልክ ጆሮዎ አጠገብ ይያዙ። ከዚያ ከ30 ሄርዝ ጀምረው በ5 በ5 እየጨመሩ እስከ 100 ሄርዝ ድረስ እያንዳንዱን ለሦስት ለአራት ሴኮንድ ያጫውቱና የሚያነቡትን በወረቀት ይጻፉ። የቴፑ ድምፅ መካከለኛ ይሁን፤ እንዲህ ያለ አንድ ወጥ ድምፅ ከሙዚቃ ይልቅ የሰብዉፈሩን ጥቅል ሽቦ ቶሎ ያግለዋል።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። መለኪያው «ኤ» የሚለውን ሚዛን እንዳይጠቀም ያረጋግጡ፤ ይህ ሚዛን የሰውን ጆሮ ለመምሰል ሲል ከ40 ሄርዝ ድምፅ ላይ 35 ዴሲቤል ያህል፣ ከ80 ሄርዝ ላይ ደግሞ 22 ያህል ይቀንሳል፤ በእርሱ ከለኩ የሌለ ችግር ያሳይዎታል። «ሲ» ወይም «ዜድ» የሚለውን ይምረጡ። ሁለተኛው፣ የስልክ ማይክ በጣም ዝቅተኛውን ድምፅ አሳንሶ ሊያነብ ስለሚችል ቁጥሩን እንደ ፍጹም እውነት አይውሰዱት፤ በአንድ ስልክ ከለውጡ በፊትና በኋላ የተለካው ልዩነት ግን አስተማማኝ ነው፤ እኛም የምንፈልገው እሱን ነው።

ወረቀቱን ሲያዩት ከ40 እስከ 55 ሄርዝ ድረስ ጉብታ፣ ከ60 እስከ 90 ባለው ውስጥ ደግሞ ጉድጓድ እንደሚያገኙ እገምታለሁ። የሁለቱ ምክንያት የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ እንያቸው፤ ከጉድጓዱ እጀምራለሁ፤ ዘፈኑን የሚያበላሸው በዋናነት እሱ ነውና።

ጉድጓዱ ከቦታ የመጣ ነው ወይስ ከበር ስፒከሮቹ ጋር ከመጣላት? ይህን የሚለየው አንድ ሙከራ ነው፤ ጊዜ ካጠረብዎት ሌላውን ሁሉ ይተዉትና ይህን ይሥሩ። የበር ስፒከሮቹን በቴፑ ቅንብር ያጥፉ፤ ካልተቻለ ሶኬታቸውን ይንቀሉ፤ ከዚያ ሰብዉፈሩን ብቻውን ከ50 እስከ 100 ሄርዝ ድረስ እንደገና ይለኩ። ስፒከሮቹ ጠፍተው ጉድጓዱ ከተሞላ፣ ማለትም የ75 ወይም የ80 ሄርዝ ንባብ ከፍ ካለ፣ የበር ስፒከሮቹና ሰብዉፈሩ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ይጣፋፋሉ ማለት ነው። ስፒከሮቹ ጠፍተውም ጉድጓዱ በቦታው ከቀረ ጥፋቱ የሳጥኑ አቀማመጥ ነው።

መጣፋቱ ከሆነ መፍትሔው ወጪ የለውም። 80 ሄርዝ እያጫወቱ፣ ስፒከሮቹም ሰብዉፈሩም በርተው፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ወይም ቴፑ ላይ ያለውን ፌዝ የሚል መቀያየሪያ (የሰብዉፈሩን መግፋትና መሳብ የሚገለብጠውን) ከ0 ወደ 180 ያዙሩና ከሹፌሩ ወንበር ላይ ከፍ ያለ ቁጥር የሚሰጠውን ይተዉት። መቀያየሪያ ከሌለ ወደ ሰብዉፈሩ የሚገቡትን ሁለት ሽቦዎች ቦታ ማለዋወጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቀድሞ ግን ሁሉም በትክክል መገጠማቸውን ያረጋግጡ። የ1.5 ቮልት ደረቅ ድንጋይ ወስደው ፖዘቲቩን ከስፒከሩ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቩ ጋር ለቅጽበት ያስነኩ፤ የስፒከሩ ሸራ ወደ ውጭ ብድግ ካለ ትክክል ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። አንዱ በር ተገልብጦ ሌላው ቀጥ ብሎ የተገጠመ መኪና ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ በተለይ በር ሲጠገን ሶኬቱ ተቆርጦ በቴፕ ከተጠቀለለ መፈተሽ ይኖርበታል። ሰብዉፈርዎ ሁለት ጥቅል ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ለየብቻ ይፈትሹ፤ አንዱ ተገልብጦ ከተገጠመ ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ሰብዉፈሩ በሁሉም ድምፅ ላይ ደካማ ይሆናል።

ፌዙ ከተስተካከለ በኋላም ጥቂት ጉድለት ሊቀር ይችላል፤ ሰብዉፈሩ ከጆሮዎ ከበር ስፒከሩ ይልቅ 1 ሜትር ያህል ይርቃልና። 1 ሜትር ለ80 ሄርዝ ሞገድ ሩብ ገደማ ነው፤ በጊዜ ሲለካ ደግሞ 3 ሚሊሴኮንድ ይጠጋል። ቴፑ የጊዜ ማስተካከያ ካለው ቅርቦቹን የበር ስፒከሮች በዚህ መጠን ያዘግዩና በአንድ ሚሊሴኮንድ ግማሽ ግማሽ እየቀየሩ 80 ሄርዝ ላይ ከፍተኛውን ንባብ ይፈልጉ።

ጉድጓዱ ከቦታ ከሆነ ሳጥኑን ማንቀሳቀስ ግድ ነው። የቪትዝ ዓይነት የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት መኪና ላይ በመጀመሪያ የምሞክረው ሳጥኑን አዙሮ ፊቱን ወደ ኋላው በር ማድረግና ወደ በሩ ማስጠጋት ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ከሸራው ወደ ኋላ ሄዶ በሩን መትቶ የሚመለሰው ድምፅ ቀጥታ ወደ እርስዎ ከሚመጣው ጋር ይጣላል፤ የሚጣሉበትም ድምፅ ከሸራው እስከ በሩ ባለው ርቀት ይወሰናል። ርቀቱ 1 ሜትር ከሆነ ጉድጓዱ 86 ሄርዝ ላይ ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 143 ላይ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ከ570 ሄርዝ በላይ ይወጣል፤ እዚያ ደግሞ ሰብዉፈር ሥራ የለውም። መቀመጫው ታጥፎ ሳጥኑ ወደ ፊት በተገፋ መጠን ነገሩ የሚበላሸው ስለዚህ ነው። በተጨማሪ የመቀመጫው ስፖንጅ ከሸራው ፊት ተደንቅሮ ሲቀር ሸራው የሚገፋው አየር መውጫ ያጣል፤ ፊቱ ወደ ኋላ ሲዞር ይህም ችግር አብሮ ይወገዳል።

በቅርቡ አንድ የእርስዎን የመሰለ መኪና ላይ ይህንን ብቻ አድርጌአለሁ። ሳጥኑን ሁለት ሰው ሆነን አዞርነው፤ ሸራው ከበሩ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሆነ፤ ቱቦውም እንዳይታፈን ያንኑ ያህል ክፍተት ተውንለት። ባለቤቱ መሪው ላይ ተቀምጦ ቤዙ ቀስ በቀስ የሚወጣ ዘፈን ከፈተና ሦስተኛው ድምፅ ላይ ሲደርስ እጁን ከመሪው አነሣ፤ ከዚያ በፊት በዚያ ቦታ ላይ ድምፅ መኖሩን አያውቅም ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ በአንድ ጊዜ አይሳካም፤ ስለዚህ ፊቱን ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን እያደረጉ በሦስቱም ይለኩና የቁጥሮቹ ልዩነት ትንሹ የሆነበትን ይምረጡ፤ ጩኸቱ ትልቁ የሆነበትን አይምረጡ።

ይህም ሆኖ የቆመው ሞገድ የሠራው የመካከል ጉድጓድ በከፊል ሊቀር ይችላል፤ መኪናው አይረዝምምና። እዚህ ላይ የሚረዳው ሥራውን ለበር ስፒከሮቹ ማካፈል ነው። የሰብዉፈሩን የላይ ገደብ ከ80 ወይም ከ100 ሄርዝ ወደ 65 ወይም 70 ያውርዱት፤ የበሮቹን የታች ገደብም ወደዚያው ያምጡት፤ ስፒከሮቹ ከፊት ስለሆኑ ጉድጓዱን በሌላ አቅጣጫ ይሞሉታል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው የበር ስፒከሮቹ ስድስት ኢንች ተኩል ገደማ የሆኑ ጤነኞች ሲሆኑና የበሩ የውስጥ ላሜራ ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ነው። ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው አየር በቀዳዳዎቹ ተመልሶ ከፊቱ ጋር ከተቀላቀለ ከ100 ሄርዝ በታች የሚቀር ነገር የለም።

ስለ ጉብታው ደግሞ ሳጥኑን እጠረጥራለሁ። ቱቦ ያለው ሳጥን በተቃኘበት ድምፅ ዙሪያ ራሱ ይጎላል። ሰሪው ጩኸት እንዲበዛ ብሎ ቱቦውን አሳጥሮ ከ45 እስከ 50 ሄርዝ ላይ ቃኝቶት ከሆነ፣ መኪናው ራሱ በሚያጎለብተው ክልል ላይ ሳጥኑ ተጨምሮ፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ቤዝ ቡስትም (አብዛኛውን ጊዜ 45 ሄርዝ ላይ የተቀመጠ ነው) ታክሎበት ሦስት ጊዜ ተደራርቧል ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ አንድ ወፍራም ፎጣ ወይም ስፖንጅ ጠቅልለው ቱቦውን አጥብቀው ይድፈኑትና እንደገና ይለኩ። ጉብታው ከወረደና ድምፆቹ ከተቀራረቡ ሳጥኑን በዚያው መተው ይችላሉ፤ ጩኸቱ ጥቂት ይቀንሳል፣ ዜማው ግን ይጠራል፤ ለትንሽ መኪና እኔ ራሴ የምመርጠው ድፍን ሳጥን ነው። ቱቦው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ከፈለጉ ደግሞ በጣም ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያግደውን ሰብሶኒክ የሚባለውን ማጣሪያ ማብራት አይርሱ፤ ከተቃኘበት ድምፅ በታች ሸራው የሚይዘው አየር ስለሌለ ከልኩ በላይ ተወርውሮ ይቀደዳል።

ሳጥኑ ከቺፕውድ የተሠራ ከሆነ መጋጠሚያዎቹን ይመልከቱ። 35 ሄርዝ እያጫወቱ እጅዎን በውኃ አርጥበው በየማዕዘኑና በሽቦው መግቢያ ዙሪያ ቀስ ብለው ያሳልፉ፤ አየር የሚያፈተልክበት ቦታ ላይ ቅዝቃዜው ወዲያው ይታወቅዎታል። እዚያ ላይ ከውስጥ በኩል ሲሊኮን ይበቃዋል። በዚሁ አጋጣሚ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በዚህ የተነሣ ድፍን ሳጥን እዚህ ሲሦ ያህል እንደሰፋ ሆኖ ይሠራል፤ የቱቦው ቅኝት ግን በከፍታ አይለወጥም፤ የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በግፊት ሳይሆን በሙቀት ነውና። አምራቹ ካዘዘው ይዘት ጥቂት ያነሰ ድፍን ሳጥን ቢያጋጥምዎት ስለዚህ ብዙ አይጨነቁ።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ ልለፈው፤ ከእርስዎ አገላለጽ ብዙ አልጠረጥረውምና። ምልክቱ ድምፅ መርጦ መጥፋት ሳይሆን ረጅም ቤዝ እየቆየ መድከም ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት እየሰጠ ቴስተሩን አምፕሊፋየሩ ላይ አድርገው ሙዚቃ ሲያጫውቱ ንባቡ በየምቱ አንድ ቮልትና ከዚያ በላይ የሚወርድ ከሆነ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም ኔጋቲቩ የታሰረበት ብሎን ከቀለም ላይ ተቀምጧል። ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ ፍቀው እንደገና ይሰሩት። ከባትሪው የሚነሣው ሽቦ ላይ በግማሽ ሜትር ውስጥ ፊውዝ መኖሩንም ይዩ፤ ይህ የድምፅ ሳይሆን የእሳት ጉዳይ ነው።

ኢኳላይዘር የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሲነካም ጉብታን ለመቀነስ ብቻ። ጉድጓድን በኢኳላይዘር አይሙሉ፤ 6 ዴሲቤል መጨመር የአምፕሊፋየሩን ጉልበት አራት እጥፍ ይጠይቃል፤ ጉድጓዱ ደግሞ የሁለት ድምፆች መጣፋት ስለሆነ ሁለቱንም እኩል ከፍ ማድረግ መልሶ እዚያው ያደርስዎታል። ባጠፉት ጉልበት የሚተርፍዎት የጋለ ሰብዉፈር ነው።

በመጨረሻ ታርጋውን ይጫኑት። 50 ሄርዝ እየተጫወተ ከመኪናው ውጡና የኋላውን ታርጋ፣ የበሩን የውስጥ ፕላስቲክና ጎማ መያዣውን በመዳፍዎ አንድ በአንድ ተጭነው ይስሙ። የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ ድምፁ ቤዙ ላይ ተደርቦ ቤዙ የተሰባበረ ያስመስለዋል፤ ከታርጋው ጀርባ ስስ ስፖንጅ መለጠፍ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ሙከራውን ሲጨርሱ ሦስት የቁጥር ዝርዝር ይኖርዎታል፦ አሁን ባለበት ሁኔታ የተለካው፣ የበር ስፒከሮቹ ጠፍተው የተለካው፣ ሳጥኑ ዞሮ የተለካው። እነዚህን ከሳጥኑ ውጫዊ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት፣ እንዲሁም ከቱቦው ርዝመትና የአፍ ስፋት ጋር ቢጽፉልኝ ሳጥኑ ስንት ሄርዝ ላይ እንደተቃኘ አስልቼ፣ ቱቦውን ማርዘም ይበቃው ወይም ሳጥኑ እንደገና መሠራት ይኖርበት እንደሆነ እነግርዎታለሁ።